የከተማ ጤናና የዕድራችን መዝገብ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)





ዓመቱን ሳይጨርሱ ከመካከላችን የተለዩንን ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።

የዛሬው ንግግሬ ስለ ከተማ ጤና ነው። «ጡረታ የወጣ ጸሐፊ ስለ ጤና ምን አገባው?» የሚል ይኖር ይሆናል፤ አይፈረድበትም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ነገር ግን ዕድሜዬን የጨረስኩት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፤ መዝገብ ቤት ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ያስተምራል። ይኸውም ደብዳቤ ብቻውን አይሄድም። ከግርጌው «ግልባጭ» የምትል ቃል አለች። ለአንዱ ክፍል የተጻፈው ለሦስትና ለአራት ክፍል ይደርሳል። ከተማም እንደዚሁ ነው። በከተማ ውስጥ የምንሠራው ሥራ ሁሉ ግልባጭ አለው። ልዩነቱ፣ የመሥሪያ ቤቱ ግልባጭ ለማን እንደሚደርስ በጽሑፍ ይታወቃል፤ የከተማው ግን ለማናውቀው ሰው ይደርሳል፤ አንዳንዴም ዞሮ ዞሮ ለራሳችን ይመጣል።

እኛ ዕድርተኞች የምንጠራው ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ከዚያ አፈር አልብሰን እንመለሳለን። ሰውየው እንዴት እዚህ ደረሰ ብለን ወደ ኋላ አንጠይቅም። እኔ ዛሬ ወደ ኋላ እንድንጠይቅ ነው የምለምናችሁ።

በመጀመሪያ ውሃውን እንመልከት። አዲስ አበባ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በሰሜን እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ በደቡብ አቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ከላይ የፈሰሰ ሁሉ ወደ ታች መውረዱ ግድ ነው። ቀጨኔም፣ ቀበናም፣ ባንተ ይቀጡም፣ ግንፍሌም ሁሉም ቁልቁል ወርደው ከአቃቂ ወንዝ ጋር ይገናኛሉ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። አዋሽ ደግሞ ከብቱም ሰውም የሚጠጣው፣ እርሻም የሚለማበት ወንዝ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ወንዙ ምን ምን እንደሚቀበል ሁላችንም እናውቃለን። ከወንዝ ዳር ያለ ሽንት ቤት ሲሞላ ወደ ወንዙ ይለቀቃል። የጋራዡ ዘይት፣ የቆዳ ፋብሪካው ኬሚካል፣ የገበያው ጥራጊ፣ ሁሉም ወደዚያው ነው። ከላይ ያለው ሰው «ውሃ ወሰደው» ብሎ ይገላገላል። ውሃ ግን አይወስድም፤ ያደርሳል እንጂ።

ለማን ያደርሳል ቢባል፣ ለእኛው ነው። ከመካኒሳ ጀምሮ እስከ አቃቂ ድረስ በዚሁ ወንዝ ውሃ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቆስጣና ካሮት ሲለማ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ገበሬው አይፈረድበትም፤ ሌላ ውሃ የለውም፣ ልጆቹን የሚያሳድግበትም ይኸው ነው። ተመራማሪዎች በዚያ ውሃና በዚያ አትክልት ላይ እንደ ክሮምና እርሳስ ያሉ ብረታ ብረቶች ማግኘታቸውን በተደጋጋሚ ጽፈዋል። አትክልቱ በሌሊት ተጭኖ አትክልት ተራ ይገባል፤ ከአትክልት ተራ በየጉልቱ ይበተናል፤ ከጉልቱ የኛ ሠፈር ሴቶች ገዝተው ወደ ማጀት ያስገባሉ። እንግዲህ እንጦጦ ሥር ያለ ሰው በጠዋት ወደ ወንዝ የደፋው ነገር በሌላ ቀን በሰላጣ መልክ ገበታው ላይ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። ግልባጭ ማለት ይህ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አተት፣ ማለት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በአዲስ አበባ ገብቶ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ ጥሬ አትክልት አትብሉ፣ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ ተባልን። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ምክሩ ሁሉ የቀረበው ለሚበላው ሰው ነበር። ከላይ ለሚደፋውስ? ሽንት ቤቱን የሚያስመጥጥበት አቅም ለሌለው፣ የመጣጭ መኪና መግቢያ መንገድ ለሌለው መንደርስ? መኪናው በቀጭኗ መንገድ አይገባም፤ ስለማይገባ ጉድጓዱ ይሞላል፤ ስለሚሞላ ወደ ወንዝ ይለቀቃል፤ ከወንዙ ወደ አትክልቱ፣ ከአትክልቱ ወደ ሆድ። መንገድ የሚሠራው ክፍል ሌላ፣ ፍሳሽ የሚያነሣው ሌላ፣ ሕሙም የሚያክመው ሌላ ነው። ሰውየው ግን አንድ ነው፤ የሚሞተውም አንድ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው የጥራጊ ጉዳይ ነው። ቆሼን የማያውቅ የለም። የአዲስ አበባ ጥራጊ ከ50 ዓመት በላይ እዚያ ሲጣል ኖሯል። ከተማዋ እያደገች ሄዳ ቆሼን ከበበችው፤ ድኾችም ከሥሩ ጎጆ ቀለሱ፣ ከጥራጊው እየለቀሙም ኖሩ። በ2008 ዓ.ም. ከከተማው ውጭ ሰንዳፋ አካባቢ አዲስ የጥራጊ ቦታ ተከፍቶ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ውሃችንንና ከብታችንን ጎዳ ብለው ተቃወሙ፤ ያው ዓመት ሳይወጣ ቆመና ጥራጊው ተመልሶ ወደ ቆሼ መጣ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተናደና በሥሩ ያሉትን ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘንም ታወጀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በዚያ ክምር ውስጥ ያልጣለ ማን ነው? የቦሌም ጥራጊ ነበረበት፣ የፒያሳም፣ የኛም። የተናደው ግን በእነዚያ ላይ ነው። ጥራጊውን የጣለው ሁሉ ነው፤ የሞተው ከሥሩ የነበረው ነው። በከተማ ጤና ውስጥ ትልቁ ግፍ ይህ ይመስለኛል፤ አንዱ ያበላሻል፣ ሌላው ይከፍላል፤ በመካከላቸው ያለውን ገመድ ግን ማንም አያየውም።

ስለ ጥራጊ ካነሣን ኅዳር 12ን መርሳት አይገባም። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ፣ ፈረንጆች የእስፔን ኢንፍሉዌንዛ የሚሉት፣ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ በየቤቱ የቀረበት ጊዜ ነው። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ በሽታው በ1918 መጣ። ባቡር ጨርቅና ብረት ሲያመጣ በሽታም ያመጣል፤ መንገድ ሲከፈት ለሁሉም ነውና። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ ሰብስቦ ማጠን ልማድ ሆነ። የአባቶቻችን ሐሳብ መልካም ነበር፤ ከተማ በአንድ ቀን በአንድነት ይጽዳ ነው ያሉት። በዚያ ዘመን የሚታጠነው ቅጠልና ገለባ ነበር። ዛሬ ግን ጥራጊያችን ፌስታል፣ የላስቲክ ጠርሙስና የኤሌክትሪክ ሽቦ መጠቅለያ ነው። ይኸ ሲቃጠል ጢሱ መርዝ ነው፤ አስም ያለባቸው ልጆቻችንና ሽማግሌዎቻችን ያን ሌሊት መተንፈስ ያቅታቸዋል። ስለዚህ በአንድነት ማጽዳቱን እንያዝ፤ ፌስታሉን ማቃጠሉን እንተው።

ሦስተኛው ምሳሌ ከድሬዳዋ ነው። ይህን ያነሣሁት አንዱ የከተማ ችግር ሌላውን እንዴት እንደሚወልድ በደንብ ስለሚያሳይ ነው። እኛ ወባ ስንል የምናስበው ቆላ፣ ረግረግና ገጠር ነው። ዛሬ ግን ከተማን የሚወድ ሌላ የወባ ትንኝ አገራችን ገብቷል። አኖፊለስ ስቴፈንሲ ይሉታል፤ አገሩ ሕንድና ዓረብ ነው። በጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2012፣ በኢትዮጵያ ደግሞ በ2016 ተገኘ። ይህ ትንኝ ረግረግ አይፈልግም። በበርሜል፣ በሮቶ፣ ለሕንፃ ሥራ በተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ፣ በንጹሑ ውሃ ላይ ይራባል።

ታዲያ በርሜሉ ለምን ተቀመጠ? የቧንቧ ውሃ ስለሚቋረጥ ነው። ሰው ውሃ የሚያጠራቅመው ወድዶ አይደለም፤ ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022፣ በኛ 2014 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ድሬዳዋ ላይ በበጋ ወራት ወባ ተነሣ። ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የታመመው ሰው በ2019 ከታመመው ወደ 12 እጥፍ ያህል ነበር። ሊቃውንት ሲመረምሩ የዚሁ የከተማ ትንኝ ሥራ መሆኑን አገኙ። እንግዲህ ሕሙሙ ጤና ጣቢያ ሄዶ የወባ መድኃኒት ይወስዳል፤ በሽታው የጀመረው ግን ከቧንቧው ነው። የውሃ ሠራተኛው ቧንቧ ሲጠግን ወባ እየተከላከለ መሆኑን ማን ነገረው? ማንም። አዲስ አበባ ደጋ ናት ብለን አንዘናጋ፤ ክዳን የሌለው በርሜል የትም ቢሆን መልካም ነገር አያፈራም።

አራተኛው እኛው ሰዎች ነን። ከተማ ማለት ቧንቧና መንገድ ብቻ አይደለም። ዕድር ራሱ የከተማ ልጅ ነው። ሰው ከየአገሩ መጥቶ፣ ከዘመዱ ርቆ፣ «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» ሲል ነው ጎረቤት ዘመድ የሆነው። ጎረቤት ደግሞ ለቀብር ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት በጠዋት በራቸው ሳይከፈት ቢቀር መጀመሪያ የሚያውቅ ጎረቤት ነው። ምጥ የያዛትን የሚያወጣ፣ ለታመመ ገንፎ የሚያደርስ ጎረቤት ነው።

ባለፉት ዓመታት ብዙ ሠፈሮች ለልማት ተነሥተዋል። አባሎቻችን ከፊሉ ወደ ጀሞ፣ ከፊሉ ወደ የካ አባዶ፣ ከፊሉ ወደ ኮዬ ፈጬ ሄደዋል። ጣራው የማያፈስ፣ ሽንት ቤቱ በቤት ውስጥ ያለ ቤት ያገኘ አለ፤ ይህ ለጤና ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ነገር ግን አራተኛ ፎቅ ላይ የወጡ የስኳር ሕመምተኛ አዛውንት ደረጃውን ፈርተው መድኃኒታቸውን ለመውሰድ ሳይወርዱ ሲቀሩ፣ የሚያንኳኳላቸው ሰው ከሌለ፣ ቤቱ ብቻውን ምን ያደርግላቸዋል? ስለዚህ ሠፈር ሲነሣ ቤት ብቻ ሳይሆን ዕድርም አብሮ ሊታሰብ ይገባል። የሄዱትም አባሎቻችን ወርኃዊ መዋጮ እየላኩ ብቻ ሊቀሩ አይገባም።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ፣ ወደ መዝገቡ ልምጣ። «ይኸን ሁሉ ብታወራ ዕድር ምን ማድረግ ይችላል? ዕድር ለቀብር ነው» ትሉኝ ይሆናል። መልሴ፣ ሞትን በጽሑፍ የያዘ ሰው ከሐኪም የማይተናነስ ነገር በእጁ ይዟል የሚል ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆን የሎንዶን ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1854 ሶሆ በሚባለው ሠፈር ኮሌራ ገብቶ በአሥር ቀን ውስጥ ከ500 ሰው በላይ ገደለ። የዚያ ዘመን ሐኪሞች አብዛኞቹ በሽታው ከመጥፎ ሽታ ነው የሚመጣው ይሉ ነበር። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም ግን የሟቾችን ስም ዝርዝር ከመዝገብ ቤት ወስዶ ቤት ለቤት ዞረ። ሟቾቹ የበዙት ብሮድ ስትሪት በተባለው መንገድ ላይ ባለ አንድ የውሃ መሳቢያ ዙሪያ ሆኖ አገኘው። እዚያው አጠገብ ያለ የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች ግን አልሞቱም፤ የሚጠጡት ቢራ ነበራ! ከሠፈሩ ርቀው የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ደግሞ ሞቱ፤ ለካ የዚያን ጉድጓድ ውሃ ጣዕም ስለሚወዱ በየቀኑ በጋሪ ያስመጡ ኖሯል። መስከረም 8 ቀን በፈረንጆቹ የመሳቢያው እጀታ ተነቀለ። በኋላም አንድ የሠፈሩ ቄስ ሲያጣሩ፣ የታመመ ሕፃን ጨርቅ የታጠበበት ውሃ የተደፋው ከጉድጓዱ አጠገብ ባለ የቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ መሆኑ ታወቀ። ኮሌራ የሚያመጣውን ተሕዋስ ስኖው በእጁ ይዞ አላሳየም። በእጁ የነበረው የሟቾች ስምና አድራሻ ነው።

ሩቅ አገር ነው ካላችሁ የኛኑ ልንገራችሁ። በ1993 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመቃብር ቦታዎች ሁሉ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱም በሙስሊሙም፣ የሚቀበረውን ሰው ዕድሜ፣ አድራሻና የሞት ምክንያት ከቀባሪው ጠይቆ የመመዝገብ ሥራ ተጀመረ። ሥራውን የመሩት የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። ከዚያ መዝገብ ነው የጎልማሶቻችንን ሞት አብዛኛውን ያደረሰው ኤድስ መሆኑ በቁጥር የታወቀው። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መታደል ከጀመረ ወዲህም የጎልማሶች ሞት መቀነሱ የታየው ከዚያው መዝገብ ነው። ያን ቃል የሰጠው ማን ነው? ለማስቀበር የሄደው ዘመድና የዕድር ሰው ነው።

ታዲያ የኛን መዝገብ ግለጡና እዩት። የሟች ስም አለ፣ ቀን አለ፣ ለቤተሰቡ የተከፈለው ገንዘብ እስከ ሳንቲሙ አለ። ዕድሜ የለም። በየትኛው መንገድ ይኖር እንደ ነበር የለም። በምን እንደ ሞተ የለም። ሰውየው ሲሞት ስንት ብር እንዳወጣን እናውቃለን፤ ለምን እንደ ሞተብን ግን አናውቅም። ከወንዙ ዳር ያሉት ቤቶች ልጆች ከላይኞቹ ይልቅ ይታመሙ እንደ ሆነ ብንጠየቅ፣ ከወሬ በቀር የምንመልሰው የለንም።

ስለሆነም ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

1ኛ/ በሟቾች መዝገብ ላይ አራት ዓምድ ይጨመር፤ ዕድሜ፣ የመኖሪያ ቦታ፣ ሕመሙ የቆየበት ጊዜ፣ ቤተሰቡ ያመነበት የሞት ምክንያት። ይህም በለቅሶው ሰዓት ሳይሆን ከሠልስት ወይም በየሃይማኖቱ የኀዘኑ ቀን ካለፈ በኋላ፣ በፈቃድ ብቻ ይጠየቅ። ምክንያቱ የተጻፈበት መዝገብ በሣጥን ተቆልፎ ይያዝ፤ ለቡና ወሬ የሚያወጣው ሰው በደንቡ ይቀጣ።

2ኛ/ በየዓመቱ በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ የሠፈራችን ቦይ በዘመቻ ይጠረግ። የተዘጋ ቦይ ጎርፉን ወደ ቤት፣ የሽንት ቤቱንም ወደ ቧንቧ ይመልሳል።

3ኛ/ ውሃ የሚጠራቀምበት በርሜልና ሮቶ ሁሉ ክዳን ይኑረው፤ አቅም ለሌለው አባል ዕድሩ ይግዛለት። ከድንኳን ኪራይ ያነሰ ወጪ ነው።

4ኛ/ ሠፈር ለቀው ለሄዱና ብቻቸውን ለሚኖሩ አባሎች በየሳምንቱ ስልክ የሚደውል ሰው በተራ ይመደብ።

5ኛ/ ከወንዙ ከኛ በላይ ካለው ዕድርና ከኛ በታች ካለው ዕድር ጋር በዓመት ሁለት ጊዜ እንቀመጥ። ለወረዳው ስለ ፍሳሹ የምንጽፈውን ማመልከቻ ሦስታችንም እንፈርምበት። እኛ ብቻችንን ብናጸዳ ከላይ ይወርድብናል፤ እኛ ብናቆሽሽ ከታች ላሉት ይደርሳል። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የጀመረው የ56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ልማትም ቢሆን ዳሩን ማስዋቡ ብቻውን አይበቃም፤ ወደ ወንዙ የምንለቀውን እኛ ካላቆምን ውሃው አይጠራም።

የተከበራችሁ አባሎች፤

አባቶቻችን ይህን ዕድር ሲያቋቁሙ ማንም ሰው ብቻውን እንዳይቀበር ብለው ነው። ዛሬ የምንጠይቀው ጭማሪ ትንሽ ናት፤ ማንም ሰው ሳይጠየቅለት እንዳይሞት። ቀብሩን እንደ ልማዳችን በክብር እንፈጽማለን፤ ያ አይቀርም። ነገር ግን መቅረት የሚችል ሞት ካለ፣ ጥሩምባው ሳይነፋ በፊት ልንደርስበት ይገባናል።

ሐሳቡ ይብላላ፣ ይተችበት፣ የሚሻለው ይጨመርበት። መዝገቡን በአዲስ መልክ ማስመሩን ግን ለኔ ተዉልኝ፤ እጄ ገና መስመር አትስትም።

ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።